ሆድ ለሆድ በጃፓንኛ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ጃፓንኛ ስማር ልቤን የሚሰርቀው ፈሊጡ ነው። በተለይ ከእንግሊዝኛው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ሲያጋጥመኝ፣ ይሄ ከየት መጣ ሳልል አላልፍም።

አንዳንዱ አገር አቋርጦ የመጣ ነው። ጃፓኖች አንድ ነገር ድንገት ሲገለጥላቸው «ሜ ካራ ኡሮኮ ጋ ኦቺሩ» ይላሉ፤ ከዓይን ቅርፊት ወደቀ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም ያው ነው። እኛም እናውቀዋለን፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ፣ ደማስቆ ውስጥ ከሳውል ዓይን የወደቀው ቅርፊት ነው። አዲስ ኪዳን በጃፓንኛ ተተርጉሞ ያለቀው በፈረንጆቹ 1880 አካባቢ ነው። ዛሬ አባባሉን ከሚጠቀሙት ብዙዎቹ ክርስቲያን አይደሉም፤ ስለ ሩዝ አቀቃል አዲስ ነገር ሲሰሙም ይሉታል። «ቡታ ኒ ሺንጁ»፣ ለእሪያ ዕንቁ፣ የገባው በዚሁ በር ነው። እዚያ ሲደርስ ግን የአገሬው አቻ ቀድሞት ነበር፦ ለድመት የወርቅ ሳንቲም።

ቃሉ ተሻግሮ ስሜቱ የሚለወጥም አለ። «የሚንከባለል ድንጋይ ሽበት አያወጣም» የሚለውን፣ ያን ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ማለቴ ነው፣ ዛሬ ብዙ አሜሪካኖች ለማሞገስ ነው የሚሉት፤ አትቁም፣ ተንቀሳቀስ ለማለት። ጃፓን ውስጥ ግን ሽበቱ ራሱ ክብር አለው። ኪዮቶ ያለው የሳይሆጂ ቤተ መቅደስ የሚታወቀው በዚሁ ሽበት በተሸፈነ የአትክልት ስፍራው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ሰው፣ ሽበት የማያወጣውን ድንጋይ ቢያዝንለት አይገርመኝም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ማንም ከማንም ሳይወስድ የሚገናኘው ነው። «ሃራ ኦ ዋቴ ሃናሱ»፤ ሆድን ከፍቶ ማውራት፣ ምንም ሳይደባበቁ። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ወደ ልብ ይሄዳል። እኛስ? «ነይ የሆዴን ላጫውትሽ» እንላለን። አንድን ነገር ለማንም ሳይናገሩ መያዝ ደግሞ «ሃራ ኒ ኦሳሜሩ» ነው፤ ሆድ ውስጥ ማኖር። ሆድ ይፍጀው የሚል ሰው ይሄን ለመረዳት ምን አስተርጓሚ ያሻዋል? ስለዚህ ጃፓንኛ የምትማሩ ልጆች፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ ሁሉን በእንግሊዝኛ በኩል አታዙሩት። አማርኛችሁን ጠይቁት፤ አንዳንዴ መንገዱ በዚያ ያጥራል።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ሃራ ጋ ታትሱ»፣ ቃል በቃል ሆድ ቆመ፣ ያላችሁን ሰው ሆድ ባሰው ብላችሁ ልታባብሉት እንዳትሞክሩ። ሰውየው ተቆጥቷል።