የቦይለር ቴርሞስታት ከመቀየሩ በፊትና ሲቀየር

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ቦይለር። የታችኛው የፕላስቲክ ክዳን ገና አልተፈታም።]

የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ውሃ ማሞቅ ሲያቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። ለመቀየር ብዙ የማያደክም ዕቃ በመሆኑም ብዙ ሰው ሌላውን ሳይመረምር አዲስ ገዝቶ ይተካዋል፤ ውሃው ግን አንዳንዴ እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል፣ ወይም ለጥቂት ቀናት ሞቆ እንደገና ያቆማል። ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ ከአቀያየሩ ይልቅ ሰፊውን ጊዜ የምንሰጠው ለምርመራው ነው። የምንመለከተውም በቤት ውስጥ የተለመደውን፣ ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞስታት የሚገጠምለትን ቦይለር ነው።

[ምስል፦ ከቦይለሩ የወጣ ቴርሞስታት ጠረጴዛ ላይ።]

ይህ ዘንግ በውስጡ ሌላ ዘንግ አለው። ውጫዊው ቱቦ ከናስ የተሠራ ሲሆን ውስጠኛው ዘንግ ደግሞ ኢንቫር ከተባለ የብረትና የኒኬል ቅይጥ የተሠራ ነው። ናስ ሲሞቅ ይረዝማል፤ የኢንቫር ርዝመት ግን በሙቀት እምብዛም አይለወጥም። ውሃው ሲሞቅ ቱቦው ይረዝምና ውስጠኛውን ዘንግ ይዞት ይሳባል፣ ይህም ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ኮንታክት (ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውን መገናኛ) አላቆ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። 270 ሚሊሜትር የሚረዝም የናስ ቱቦ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቦይለሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ይህች ለዓይን የማትታይ እንቅስቃሴ ናት። ኢንቫርን እ.ኤ.አ. በ1896 ያገኘው ሻርል ኤዱዋር ጊዮም በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል ቢባል፣ ለእንዲህ ያለ ቅይጥ አይበዛበትም።

በዚሁ ጭንቅላት ላይ ግን ሁለተኛ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ውሃው ከተወሰነለት ሙቀት እጅግ ካለፈ ይህ የደህንነት መቁረጫ ፌዙንም (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ) ኒውትራሉንም (የሚመለስበትን) በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፣ ውሃው ቢቀዘቅዝም በራሱ አይመለስም። የሚመለሰው ሰው ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ሲጫናት ብቻ ነው። እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፦ የቆረጠበት ምክንያት ሳይታወቅ ቦይለሩ ሥራ እንዳይጀምር ነው።

[ምስል፦ የብሬከር ሳጥን። ከዚያ የተከፈተው የቦይለሩ የታችኛው ክፍል።]

ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ። በመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻውን አይበቃም፤ መስመሩ ሲዘረጋ ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረው ከሆነ ማጥፊያው ቢጠፋም ቦይለሩ ውስጥ ፌዝ ይቆያል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ በፌዝና በኒውትራል፣ በፌዝና በኧርዝ (በመሬት ሽቦው)፣ እንዲሁም በኒውትራልና በኧርዝ መካከል በቴስተር ይለኩ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን አስቀድሞ ኤሌክትሪክ ባለበት ሶኬት ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ ባትሪው ያለቀበት ቴስተርም «ኤሌክትሪክ የለም» ይላልና።

አሁን ትንሿን ቁልፍ ይጫኑ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰጠች መቁረጫው ቆርጦ ነበር ማለት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ለምን ቆረጠ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ውሃው ጨው የሚበዛበት ከሆነ ውሃውን በሚያሞቀው ኤለመንትና የቴርሞስታቱ ዘንግ በሚገባበት መክተቻ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ቅርፊቱም ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይሄድ ያግዳል። ውሃ ተቋርጦ ጋኑ ጎድሎ ሳለ ቦይለሩ በርቶ ሊሆንም ይችላል። የቴርሞስታቱ ሙቀት መቆጣጠሪያ ኮንታክት ቀልጦ ከተጣበቀ ደግሞ ውሃው የፈለገውን ያህል ቢሞቅ አይላቀቅም፤ በዚህ ጊዜ ቴርሞስታቱ በእርግጥ መቀየር አለበት።

ድምፅ ካልሰማን ወደ መለካት እንሂድ። ከኤለመንቱ ጋር የተያያዙትን ሽቦዎች ነቅለን የኤለመንቱን ሁለት ጫፎች በኦም እንለካለን። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 1500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም አካባቢ፣ ባለ 2000 ዋቱ ደግሞ 24 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ የተቃጠለው ኤለመንቱ ነው። ከኤለመንቱ ጫፍ ወደ ኧርዝ ግንኙነት ከታየም ኤለመንቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ቦይለሩን ማብራት አይገባም። ኤለመንቱ ደህና ከሆነ ቴርሞስታቱ ቀዝቅዞ እያለ ከመግቢያ ወደ መውጫ ሁለቱንም መስመሮች እንለካለን፤ ሁለቱም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት ሲኖርባቸው አንዱ ከተቋረጠ፣ ቁልፏ ተጭናም ካልተመለሰ፣ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ ነው።

[ምስል፦ ጭንቅላቱን ይዞ ቀጥ አድርጎ የሚስብ እጅ። ጠቆር ያለ የፕላስቲክ ጠርዝ በቅርበት ይታያል።]

መቀየሩ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ሽቦዎቹ ያሉበትን ፎቶ አንስተው ይፍቷቸው፣ ከዚያ ቴርሞስታቱን ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ዘንጉ የሚቀመጠው ውሃ በማይገባበት ደረቅ መክተቻ ውስጥ ስለሆነ ጋኑን ማፍሰስ አያስፈልግም። ዘንጉ ረጥቦ ከወጣ ግን መክተቻው ተበስቷል፤ አዲስ ቴርሞስታት ቢገባበትም ብዙ አይቆይም። አዲሱ በዘንጉ ርዝመትም በሚችለው አምፔርም ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። በአሮጌው ጭንቅላት ላይ የጠቆረ ፕላስቲክ ካዩ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሽቦ ወይም በደንብ ያልገባ ማያያዣ ነውና አዲሱን ሲገጥሙ እስከ መጨረሻው ይግፉት፣ ብሎኖቹንም ያጥብቁ።

መቁረጫውን ዘልሎ ሽቦውን «ዳይሬክት» ማገናኘት አንዳንድ ባለሙያዎችም የሚፈጽሙት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ መቆጣጠሪያው አንድ ጊዜ ከተጣበቀ በተዘጋው ጋንና በፈላው ውሃ መካከል የሚቀረው የግፊት ማስተንፈሻው ብቻ ነው፤ እሱም በቅርፊት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቦይለሩን ባይነካው ይሻላል።

መቆጣጠሪያውን 60 ዲግሪ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ 60 ዲግሪ ግን ይገድለዋል። ይህ ሙቀት በጥቂት ሴኮንዶች ቆዳ ስለሚያቃጥል ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ቫልቭ መግጠም ይገባል።

ብሬከሩን ከማብራትዎ በፊት ክዳኑን መልሰው ይግጠሙ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧም አየር ሳይቀላቅል እስኪወርድ ድረስ ከፍተው ያቆዩት። ባለ 1500 ዋት ኤለመንት 80 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ እጅግ ዘግይቶም የቦይለሩ መብራት ካልጠፋ ያጥፉት፣ የዘንጉንም አገባብ እንደገና ይመልከቱ።