ለወለላ ሕክምና እንድናዋጣ፦ በአዳማ ለሰፈራችን እድርተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። የእድሩ ስብሰባ ካለቀ በኋላ ስለቆያችሁልኝ አመሰግናለሁ። ፀሐዩ ከባድ ነውና ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቆምኩት ለሰፈራችን ውሻ ለወለላ መታከሚያ ገንዘብ እንድናዋጣ ልለምናችሁ ነው።

ወለላን የማያውቅ እዚህ የለም። የማን ናት ቢባል ግን መልሱ ይቸግራል፤ የምታድረው እኛ በር ላይ፣ የምትበላው ያገኘችው ቤት ነው። ሌሊት ለኪዳን የሚወጡ እናቶችን እስከ አስፋልቱ ሸኝታ ትመለሳለች፤ ለሱብሂ ሰላት የሚወጡትንም አባቶች እንዲሁ። ዘበኛችን ጩኸቷን ለይቶ ያውቃል፤ ለድመት የምትጮኸውና ለማታውቀው ሰው የምትጮኸው አንድ አይደለም።

ሰሞኑን ከኋላዋ ደም ይፈሳታል። ደረጃው ላይ ተኝታ ስትነሳ ሲሚንቶው ላይ ጠብታው ይቀራል፤ ዞር ብላ ራሷ ትልሰዋለች። መጀመሪያ ወንድ ፈልጋ ነው ተባለ፤ ደሙ ግን ሳምንታት አልፈውም አልቆመም። ሐኪሙ ሲያያት ውስጧ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ እባጭ አገኘ። ከእባጩ ላይ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው፤ ካንሰር ነው።

ካንሰር ሲባል ክው ያላለ የለም። የሷ ዓይነቱ ግን ከሌላው የተለየ ነው። ከውሻ ወደ ውሻ ይተላለፋል፤ የሚያስተላልፈው ደግሞ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሳይሆን ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ውሾች ሲገናኙ፣ ሲላላሱና ሲሻተቱ ሕያው ሕዋሱ ከአንዱ ገላ ወጥቶ በሌላው ላይ ይበቅላል። ተመራማሪዎች ሕዋሱን ሲመረምሩ የተገኘው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከኖረች አንዲት እንስሳ መሆኑን ደርሰውበታል። እሷ ከሞተች ዘመናት አልፈዋል፤ ካንሰሯ ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየዘለለ ዛሬ እኛ በር ላይ ደርሷል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጆቻችሁን ከሷ ያራቃችሁ እናቶች በዚህ በኩል አትስጉ።

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒት አለው። ቪንክሪስቲን ይባላል፤ ከማዳጋስካር ከመጣ አበባ የሚገኝ፣ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናትም የሚታከሙበት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ከታከሙት ውሾችም አብዛኞቹ ጨርሰው ይድናሉ። ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያቃጥላልና የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋስንም ስለሚቀንስ በየመሐሉ የደም ምርመራ አለ። ወጪውን ከፍ የሚያደርገው ይሄ ነው።

አሁን የምለውን አደራ ልብ በሉልኝ። ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ ደሙ ሊቆም፣ እባጩም ሊሟሽሽ ይችላል። ያኔ ሁላችንም «ተመስገን፣ ዳነች» ብለን ኪሳችንን እንዘጋለን ብዬ እፈራለሁ። መሐል ላይ የተቋረጠ ሕክምና በሽታውን ሊመልሰው፣ መድኃኒቱንም እንዲለምድ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የምለምናችሁ የዛሬውን መርፌ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻውም ዋጋ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተሰብስቦ ይቀመጥልን። ከየቤቱ 300 ብር ከወጣ መድኃኒቱም፣ ምርመራውም፣ በኋላ እንዳትወልድ የሚደረግላት ቀዶ ሕክምናም ይሸፈናል።

ሰው ተቸግሮ ሳለ ለውሻ ይዋጣል ወይ ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄያችሁን አከብራለሁ። የእድሩ ሣንቲም አይነካም፤ እሱ የሐዘናችን ነው። ያልተመቸው አያዋጣ፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ግን ስንተኛ የጠበቀችንን ስትታመም ዝም ብሎ ማየት ለኔ ከብዶኛል።

ሥጋ ውስጥ መርዝ ይሰጣትና ትገላገል የሚልም ሐሳብ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ሜዳ ላይ የተጣለ መርዝ ሌላ እንስሳም ያነሣዋል፣ ልጅም ይነካዋል። ደግሞም ወለላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ የምትወስድ ናት። እሷ ብትሞት ቦታዋ ባዶ አይቀርም፤ መከተብ አለመከተቧን የማናውቃት ሌላ ውሻ ትይዘዋለች።

እስክትድን ግቢያችን ውስጥ ትታሰራለች፣ ከሌሎች ውሾች ጋር እንዳትገናኝ። ሐኪሙ እዚህ ሊታከም የማይችል ነገር ካገኘ ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንወስዳታለን፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቅ አይደለም።

ገንዘቡን የምትቀበለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት፣ በተለየ መዝገብ። ወጪው በየሳምንቱ ከነደረሰኙ እዚሁ በር ላይ ይለጠፋል። የመጀመሪያው መርፌ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወለላ ባጃጅ ትፈራለች፣ ብቻዬን አልይዛትም። አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ የሚችል ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣልኝ።