መጀመሪያ ባንድ፣ ከዚያ ሙዚቃ

ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰላም ነኝ፣ ናሆምም አብሮኝ አለ። የዛሬ ርዕሳችን የፓንክና የአማራጭ ሮክ ባንዶች እንዴት እንደተጀመሩ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ከዚሁ ከዋሽንግተን ዲሲ እንነሳና...

ናሆም፦ ከአምስተርዳም።

ሰላም፦ ከዲሲ ነው የተባባልነው!

ናሆም፦ ዲሲን እመጣበታለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ባንድ እንዴት ይጀመራል ከተባለ እኔ ዘ ኤክስን ሳላነሳ አፌን መክፈት አልችልም።

ሰላም፦ እሺ፣ ባጭሩ።

ናሆም፦ ባጭሩ። 1979 ነው፣ ሆላንድ። ወጣቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ አምስተርዳም ውስጥ ሰው ያልገባባቸው ባዶ ቤቶች ሞልተዋል፣ ወጣቱ ደግሞ የሚከራየው ቤት የለውም። ስለዚህ በሩን ከፍተው ይገቡና ይኖሩበታል። ትልቅ እንቅስቃሴ ነበር፣ ከፖሊስ ጋር ድብድብ ሁሉ ያለበት። ዘ ኤክስ የወጡት ከዚያ ነው። አሁን የምወደውን ልንገርሽ። ባንዱን ሲመሠርቱ ማን ምን እንደሚጫወት አያውቁም። ታዲያ ምን አደረጉ? ዕጣ ተጣጣሉ!

ሰላም፦ ዕጣ?

ናሆም፦ ዕጣ! አንዱ ጊታር ወጣለት፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድራም፣ አንዱ ማይክ። እነሱ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚተርኩት። ስማቸውንም የመረጡት አጭር ስለሆነ ነው። ግድግዳ ላይ በቀለም ለመርጨት ጊዜ አይፈጅም፣ ፖሊስ ሳይደርስ ጽፈሽ ትሮጫለሽ።

ሰላም፦ ስሙ ለሩጫ ነው የተመረጠው ማለት ነው።

ናሆም፦ አዎ! አየሽ፣ መጀመሪያ ባንዱ አለ። ጓደኞች አሉ፣ የሚሉት ነገር አለ፣ የሚጽፉበት ግድግዳ አለ። ሙዚቃው በኋላ ነው የመጣው። ለእኔ ፓንክ ማለት ይሄ ነው። መሣሪያውን መቻል ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ዲሲ ስንደርስ እነግርሃለሁ።

ናሆም፦ ንገሪኝ። ግን አሁን ጋሽ ጌታቸውን ላምጣ።

ሰላም፦ ጋሽ ጌታቸው ማን?

ናሆም፦ መኩሪያ! ጌታቸው መኩሪያ፣ የሳክስፎኑ ንጉሥ።

ሰላም፦ ከሆላንድ ፓንኮች ጋር ምን አገናኛቸው?

ናሆም፦ በደንብ ተገናኝተዋል እንጂ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው። ጋሽ ጌታቸው የተወለዱት በ1935 ነው፣ ይፋት። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ፣ ከዚያ ክላርኔትና ሳክስ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ። ትልቁ ሥራቸው ምንድን ነው ካልሽኝ፣ ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ዘራፍ የሚለውን ድምፅ፣ ጀግናው ጎራዴውን ይዞ ሲንጎራደድ የሚያሰማውን፣ በአፉ ሳይሆን በቱቦ አወጡት። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ነበር የሚወጡት።

ሰላም፦ ፎቶውን አውቀዋለሁ። ከነጎፈሩ ሳክሱን ይዘው።

ናሆም፦ እሱ ነው። አሁን አባባን ላንሳልሽ።

ሰላም፦ የዛሬው ርዕስ አባባ ሆኑ።

ናሆም፦ ሁለት ደቂቃ! ልጅ ሆኜ፣ አዲስ አበባ፣ እሑድ እሑድ አባባ ካሴት ይከፍታሉ። ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት። የጋሽ ጌታቸው ሽለላ ሲመጣ ግን ይነሳሉ። ምንም አይሉም፣ ዝም ብለው ቆመው ይሰማሉ። እኛ ልጆቹም እንቆማለን። ለምን እንደምንቆም የነገረን የለም። እና በስንት ዓመቱ አባባ እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እኔ ጋ መጡ። ቡና እየጠጣን «ሞዓ አንበሳ»ን ከፈትኩላቸው። ይሄ ጋሽ ጌታቸውና ዘ ኤክስ አብረው የሠሩት አልበም ነው፣ 2006 የወጣ። ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ድራሙ ገባ፣ ጊታሮቹ ገቡ፤ ታውቂያለሽ፣ የነሱ ጊታር ብረት በብረት ሲፋጭ ነው የሚመስለው። አባባ ፊታቸውን ኮሶ አስመሰሉት። «ይሄ ልጅ፣ ጊታሩ ምን በደለው?» አሉ።

ሰላም፦ (ሳቅ) ትክክለኛ ጥያቄ ነው!

ናሆም፦ ከዚያ ሳክሱ ገባ። አባባ ሲኒውን አስቀመጡ። ተነሱ። በሩ አጠገብ ጃንጥላ ነበረች፣ እሷን አነሱና እንደ ዱላ ትከሻቸው ላይ ጣሏት። ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ወዲህ ወዲያ መንጎራደድ ጀመሩ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «እነዚህ ፈረንጆች የት ለመዱት?» አሉ።

ሰላም፦ ኧረ! እኔም ልጠይቅህ ነበር፣ የት ለመዱት?

ናሆም፦ እዚያው አገር ቤት ሄደው ነዋ። የዘ ኤክሱ ጊታሪስት ቴሪ ኢትዮጵያን ይወዳታል፣ ደጋግሞ ሄዷል። በ2002 ባንዱ በሙሉ መጥቶ ተጫወተ፣ በ2004ም እንደገና። በኋላ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዟቸው። የባንዱ 25ኛ ዓመት በዓል ነበር፣ አምስተርዳም፣ 2004 መጨረሻ ላይ። ጋሽ ጌታቸው እዚያ ተጫወቱ። እና ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሚ፣ የሚገርመኝ እሱ ነው። ቀጥሎ ለሚሠሩት አልበም ዘ ኤክስ እንዲያጅቧቸው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ነው! የአገሩ ምርጥ ኦርኬስትራ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። የመረጡት ግን ዕጣ ጥለው የጀመሩትን ልጆች ነው።

ሰላም፦ ልጆች አትበላቸው፣ በ2004 እኮ አርባ ምናምን ዓመታቸው ነው። 25 ዓመት ተጫውተዋል! በሃያ አምስት ዓመት ማንም ይለምዳል። ዕጣ የጣሉት 1979 ነው፣ ጋሽ ጌታቸው የሰሙት ግን የ2004ቱን ባንድ ነው።

ናሆም፦ ጥሩ ነጥብ ነው።

ሰላም፦ የጭክጭካን ምት ደግሞ በዕጣ አትመታውም። ቆጠራው ስድስት ስምንተኛ ነው። ከፈረንጅ አራት አራተኛ ለመጣ ሰው እግርም ይጠፋል፣ እጅም ይጠፋል።

ናሆም፦ ካተሪናን ግን ስሚያት፣ ድራመሯን። ካተሪና ቦርነፌልድ። የምትመታው እንደ ሮክ ድራመር አይደለም። ቶም የሚባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው ድራሞች ላይ ነው የምትቆየው፣ ከበሮ ነው የሚመስለው። ይሄ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው አመታት ነው፤ ትምህርት ቤት ብትገባ ኖሮ ያንን ያጠፉባት ነበር። ለዚህ ነው ከሽለላው ጋር የገጠመው። ፓንክም ፉከራ ነው፣ ሽለላም ፉከራ ነው። ሁለቱም ቆመሽ ካልሆነ አይሰሙም።

ሰላም፦ እሱን እቀበላለሁ። መቻል አያስፈልግም የሚለውን ግን አልቀበልም። አሁን ዲሲ እንሂድ?

ናሆም፦ እንሂድ። አንዲት ነገር ብቻ፣ በ2012 ሁለተኛ አልበም አብረው ሠርተዋል፣ «የአንበሳው ትዝታ»። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አረፉ። እስከ መጨረሻው...

ሰላም፦ ነፍስ ይማር።

ናሆም፦ ነፍስ ይማር። እሺ፣ ዲሲ። ያንቺ ነው።

ሰላም፦ የኔ ነው። ባድ ብሬንስ። አራት ጥቁር ወጣቶች፣ ከዲሲና ከዳር ዳሩ። ዘፋኙ ኤች አር፣ ወንድሙ ኧርል ድራም ላይ፣ ዶክተር ኖው ጊታር፣ ዳሪል ጄኒፈር ቤዝ። ፓንክ ከመሆናቸው በፊት ምን ይጫወቱ ነበር?

ናሆም፦ ጃዝ።

ሰላም፦ ጃዝ ፊውዥን! ማይንድ ፓወር ነበር ስማቸው። ያንን ከባዱን፣ ጣት የሚያወላልቀውን ሙዚቃ ነበር የሚለማመዱት። ከዚያ የኒውዮርኩን ባንድ የራሞንስን ፓንክ ሰሙ፣ ስማቸውንም ከራሞንስ ዘፈን ወሰዱ። ሌላው ሁሉ ሦስት ኮርድ ይዞ ሲጮህ እነሱ ያንኑ በእጥፍ ፍጥነት፣ ጥርት አድርገው ይጫወቱት ጀመር። የ1982ቱን ካሴት ስማው። አንድም የተዝረከረከ ነገር የለም። የዚህ ከተማ ፓንክ በሙሉ ከነሱ ነው የተማረው። ስለዚህ «መቻል አያስፈልግም» የሚባለው ተረት ነው። እነሱ ስለሚችሉ ነው ሌላው የተከተላቸው።

ናሆም፦ ባድ ብሬንስ ለብቻቸው ናቸው እኮ።

ሰላም፦ ለብቻቸው ስለሆኑ ነው የማነሳቸው! ደግሞ የካሴቱን ሽፋን አይተኸዋል? አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መብረቅ የምክር ቤቱን ሕንፃ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታው። ራስታዎች ናቸው፣ ጃንሆይን የሚያከብሩ። የኛ ሰው ከሸሸበት አገር ቀለም እነሱ ሽፋናቸው ላይ አድርገውታል።

ናሆም፦ በዚያው ሰሞን ነው እኮ የኛም ሰው እዚህ ከተማ የገባው። አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና።

ሰላም፦ እዚያ ነኝ! ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የሠዓሊዎች ቤት ነበር፣ 18ኛው ላይ። በ1979 እና 1980 ባድ ብሬንስ እዚያ ይጫወቱ ነበር። የትንንሾቹ ልጆች ባንዶችም፣ እነ ቲን አይድልስ። ከዚያ በሰማንያዎቹ ጎዳናውን የሐበሻ ምግብ ቤት ሞላው። እኛ ክትፎ የበላንበት ጎዳና ነው።

ናሆም፦ የሙዚቃው ቤት፣ ናይን ተርቲ ክለብም ዛሬ ያለው እኛው ሰፈር ነው። 1980 ሲከፈት ኤፍ ጎዳና ነበር፣ በ1996 ወደ ቪ ጎዳና መጣ። ከክለቡ ወጥተሽ 9ኛው ጎዳና ላይ ጥብስ ትበያለሽ።

ሰላም፦ እስከ ዛሬ። ሐበሻ ግን ክለቡ በር ላይ ሲሰለፍ አላየሁም።

ናሆም፦ እኔ እሰለፋለሁ!

ሰላም፦ አንተና ማን?

ናሆም፦ ቲን አይድልስን አትለፊያቸው። እዚያ ላይ እኔ ነኝ ትክክሉ።

ሰላም፦ በል ንገረን።

ናሆም፦ የዊልሰን ሃይስኩል ልጆች ናቸው። ኢያን ማካይ፣ ጄፍ ኔልሰን፣ ጓደኞቻቸው። አንድ ዓመት አካባቢ ተጫውተው በ1980 ተበተኑ። ከየመድረኩ ያገኟትን ገንዘብ አልተካፈሉም ነበር፣ አጠራቅመዋታል። ስድስት መቶ ዶላር ገደማ። ሲበተኑ ወይ እንካፈላት ወይ ሸክላ እናሳትምባት አሉ።

ሰላም፦ እኔ እካፈል ነበር።

ናሆም፦ እነሱ አሳተሙ! አሳታሚ ድርጅት ስለሌላቸው ራሳቸው አቋቋሙ፣ ዲስኮርድ። አሁን እጃቸውን ተመልከቺ። የሸክላ ከረጢት እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም። ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ከረጢት ወሰዱ፣ ሙጫውን አላቀው ዘረጉት፣ ቅርጹን ወረቀት ላይ ገለበጡ። አሳተሙት። ከዚያ ቁጭ ብለው በመቀስ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ማጣበቅ። ለአንድ ሺህ ሸክላ! ድርጅቱ እስከ ዛሬ አለ። ማይነር ትሬት የሚባለው ባንድ ከዚያ ወጣ፣ በኋላ ደግሞ ፉጋዚ።

ሰላም፦ ፉጋዚን አምስት ዶላር ከፍለህ ነበር የምትሰማው፣ በማንኛውም ዕድሜ።

ናሆም፦ ዕድሜ ካልሽ እጅ ላይ የሚጻፈውን የኤክስ ምልክት ንገሪያቸው።

ሰላም፦ አዎ፣ ቲን አይድልስ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው ነው። ዕድሜያቸው ለመጠጥ አልደረሰም። እዚያ ያለው ክለብ እጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ ኤክስ ጻፈና አስገባቸው፤ ኤክስ ያለበት አይጠጣም ማለት ነው። ዲሲ ሲመለሱ ለክለቦቹ ይሄንኑ አቀረቡ፣ ልጆችን አስገቡ፣ መጠጥ አትሽጡልን። በኋላ የማይጠጡት ራሳቸው በኩራት ይጽፉት ጀመር።

ናሆም፦ እና ኢያን ማካይ በዚያን ጊዜ መጫወት ይችል ነበር?

ሰላም፦ ቲን አይድልስ ውስጥ? ቤዝ... ብዙም አይችልም።

ናሆም፦ አመሰግናለሁ!

ሰላም፦ ቆይ፣ አመሰግናለሁ አትበል! ማንን አይቶ ነው የተማረው? ባድ ብሬንስን።

ናሆም፦ አይቶ ተማረ፣ እስማማለሁ። ግን እስኪማር አልጠበቀም። ጀምሮ ነው የተማረው።

ሰላም፦ ጀምሮ ነው የተማረው የሚለውን እወስዳለሁ። አያስፈልግም የሚለውን ትተህ።

ናሆም፦ ግማሹን ትቻለሁ።

ሰላም፦ ሲያትል ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ። የዚያን ከተማ ባንድ ኒርቫናን ልናነሳ ነበር።

ናሆም፦ የኒርቫና ድራመር ዴቭ ግሮል እኮ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው፣ ያደገው ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ። ከኒርቫና በፊት የተጫወተበት ስክሪም የሚባለው ባንድ ደግሞ የቤይሊስ ክሮስሮድስ ነው።

ሰላም፦ ቤይሊስ ክሮስሮድስ! የአክስቴ ሰፈር።

ናሆም፦ የሁሉም ሰው አክስት ሰፈር ነው። ስክሪም በ1990 ሎስ አንጀለስ ላይ ተበተነ፣ ዴቭም እዚያው ባዶ እጁን ቀረ። ሜልቪንስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት በዝ ኦዝቦርን ኒርቫና ድራመር እየፈለገ ነው አለው። በዓመቱ የኒርቫና አልበም «ኔቨርማይንድ» ወጣ። ይሄን ሳምንት ሙሉ ማውራት ይቻላል።

ሰላም፦ በሚቀጥለው ክፍል እናወራዋለን። እስከዚያ ሰሚዎቻችን ምን ይስሙ? እኔ የባድ ብሬንስን የ1982 ካሴት እላለሁ።

ናሆም፦ እኔ «ሞዓ አንበሳ»ን። ከ«ኢትዮጵያ ሀገሬ» ጀምሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ። ቤት ውስጥ አባት ካላችሁ ጥሩልኝ።

ሰላም፦ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አትስሙት፣ ቤዙ ይጠፋል።

ናሆም፦ አዎ፣ በደህና ስፒከር ነው። ጎረቤትን አስፈቅዳችሁ።