ጁፒተር 80 ፒክስል ነው

እንደምን አመሻችሁ!

እዚህ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ማለት ስትችሉ እዚህ አዳራሽ ስለገባችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አላቆያችሁም። ቴሌስኮፑን ውጭ አቁሜው ነው የገባሁት፤ ልቤም እዚያው ነው።

ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ለሰማይ ፎቶ የቱን ካሜራ ልግዛ? ግን ርካሽ ይሁን።» ርካሽ የምትለዋን በደንብ ሰምቻታለሁ። እኔም ሀብታም ሆኜ አይደለም እዚህ የቆምኩት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ካሜራዬን የገዛሁት በሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ስንት ሚሊዮን እንደሆኑ አይቼ ነው። ሳጥኑ ላይ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል፣ ሻጩም «ከዚህ በላይ የለም» አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ቴሌስኮፑ ላይ ሰካሁት። ጁፒተርን ፈልጌ ፈልጌ ሳገኘው ነጭ እንክብል ነው። ቀበቶ የምንላቸው የደመና መስመሮቹ የሉ፣ ምን የለ። ለካ ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ራሱ ነው። ጥቁር ሰማይ ሲያይ ጨለመብኝ ብሎ ብርሃኑን ይጨምራል፣ ጁፒተር ደግሞ መሀል ላይ ይቃጠላል። በእጅ ላስተካክል ብል ማስተካከያ የለውም። ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር።

እስቲ አንዲት ስሌት አብረን እንሥራ። አትፍሩ፣ አጭር ናት። የካሜራውን የአንድ ፒክስል፣ ማለትም የአንዷን ነጥብ፣ ስፋት በማይክሮን ውሰዱ፣ በ206 አባዙት፣ በቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር አካፍሉት። ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ናት፤ የትኩረት ርዝመት ደግሞ ከሌንሱ ምስሉ ጥርት እስከሚልበት ድረስ ያለው ርቀት ነው። አንድ ፒክስል ከሰማዩ ስንት አርክ ሰከንድ እንደሚይዝ ይነግራችኋል። አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ናት። የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 700 የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ አላችሁ እንበል። ፒክስሉ 3.75 ማይክሮን የሆነ ካሜራ ብትሰኩበት አንዱ ፒክስል 1.1 አርክ ሰከንድ ይይዛል። ጁፒተር ቀረብ ሲለን ስፋቱ 45 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ 40 ፒክስል! እጥፍ የሚያደርገውን ባርሎ ሌንስ ብትጨምሩ 80። በቃ። ያ ግዙፍ ፕላኔት ፎቷችሁ ላይ 80 ፒክስል ነው። ታዲያ የተረፈው ሚሊዮን ፒክስል የተገዛው ለምንድን ነው? ጥቁር ሰማይ ለመቁጠር።

ለፕላኔት የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። በላያችን ያለው አየር ይርገበገባል፤ ምስሉ ጥርት የሚለው ለቅጽበት ነው። ስለዚህ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሺዎች ፍሬም፣ ማለትም ሺዎች ነጠላ ምስል። ከዚያ አውቶስታከርት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጥርት ያሉትን እንደ ምስር ለቅሞ ይደራርባቸዋል። ብዙ ልቅረጽ ብላችሁ ደግሞ አትራዘሙ፤ ጁፒተር 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንድ ዙር ስለሚዞር ዝርዝሩ ይደበዝዛል።

እና ምን እንግዛ? እኔ ዜድ ደብሊው ኦ የሚባለውን ኩባንያ ኤኤስአይ 120ኤምሲ-ኤስ ካሜራ እላለሁ። 1.2 ሜጋፒክስል ነው፣ ስልካችሁ ይስቅበታል። ግን ፒክስሉ 3.75 ማይክሮን ነው፣ ዩኤስቢ 3 ነው፣ ሁሉንም ነገር በእጅ ታዙታላችሁ። ያገለገለ ስትገዙ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤስ» ፊደል አትርሱ፤ እሷ የሌለችው በዩኤስቢ 2 የሚሠራው ቀርፋፋው ነው። ትንሽ ከጨመራችሁ ኤኤስአይ 224 አለ። ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ ማለቴ ነው፣ የሶኒ ነው፣ ጫጫታው ያነሰ ነው፤ ጫጫታ የምለው ያቺን ምስሉ ላይ አሸዋ የምትመስለውን ነው። ኪስ ካልፈቀደ ከ100 ዶላር በታች የሚገኝ ኤስቪቦኒ ኤስቪ105 አለ። ዩኤስቢ 2 ስለሆነ ለፕላኔት ያዘግማል፣ ጨረቃን እያነሱ እጅ ለማፍታት ግን ይበቃል።

ኔቡላ፣ ያንን የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና፣ የምትወዱ ቅር ብሏችኋል፣ ፊታችሁ ላይ ይታያል። እውነት ነው፣ የ120ው ሴንሰር 4.8 በ3.6 ሚሊሜትር ነው፣ ከሽንብራ ፍሬ ያንሳል። በዚያው ቴሌስኮፕ ሙሉ ጨረቃ እንኳን አትገባበትም፣ ቆራርጣችሁ ነው የምታነሷት። ሐዋሳ ላይ በአናታችን አቅራቢያ የሚያልፈው የኦሪዮን ኔቡላ ደግሞ የጨረቃን ስፋት እጥፍ ያክላል። ለእሱ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ፈልጉ። ሦስት ጨረቃ ጎን ለጎን ይይዛል። ድክመቱ፣ ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ከኔቡላ የሚመጣውን የሃይድሮጂን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ማጣሪያውን የሚያስወጡ አሉ፤ እናንተ ግን በካቻቢቴ እንዳትሞክሩት! ለኦሪዮን እንዳለም ይሠራል። ደግሞ ቅዳሜ ሰርግ ታነሱበታላችሁ።

ካኖን የራሱ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ አለው። የሰማይ ካሜራ ግን ስክሪንም፣ ካርድም፣ ባትሪም የለውም፤ ያለ ላፕቶፕ ምንም ነው። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ ብሎኝ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ ከተማው ጨለመልኝ ማለት ነው። ከዚያ የላፕቶፑ ባትሪ 15 በመቶ እንደቀረው አያለሁ።

ሴንሰሩን የሚያቀዘቅዙ ውድ ካሜራዎችስ ላላችሁኝ፣ ቴክኖሎጂው አይዋሽም፣ ሴንሰሩ በ6 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ቁጥር ሙቀቱ ራሱ የሚፈጥረው የውሸት ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ግን ይህ የሚጠቅመው ብርሃን ለረጅም ጊዜ ለሚሰበስብ ፎቶ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ከኮከብ ጋር የሚዞር መቆሚያ ያስፈልጋችኋል። እሱን ለማስተካከል የሚረዳው የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ከጎረቤት አጥር ጀርባ። መጀመሪያ ያንን ተለማመዱ፣ ገንዘቡ ይቆይ።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡም ሆነ እዚሁ የምትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ነጭ ግድግዳ አንሱበት። ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ያን ጊዜ ይለያል።

አንድ ነገር ላሳያችሁና እንውጣ። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ኢትዮጵያ አንድ ኮከብና ፕላኔቱን እንድትሰይም ዕድል ደርሷት ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል አለቻቸው። ቡና አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፣ ድምቀቱ 7.3 ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። ይቺ ትንሽ ካሜራ ግን በጥቂት ሰከንድ ትይዘዋለች። አቦሉን አትጠብቁ፣ እሱ አይታይም።

ላፕቶፑ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ነው። የስልካችሁን መብራት አጥፉ፣ ልጆቹን አስቀድሙ፣ ገመዱን እንዳትረግጡብኝ።