ድልድይ ሥር አትጠለሉ፦ ስለ ቶርኔዶ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዳላስና በአካባቢዋ የሚኖሩ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ባለሙያ የሰጡት መልስ።

ጥያቄ፦ በ«ዋች» እና በ«ዋርኒንግ» መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ዋች ሲባል አየሩ ለቶርኔዶ ተመቻችቷልና ተዘጋጁ፤ ዋርኒንግ ሲባል በራዳር ወይም በዓይን ታይቷልና አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መስኮቶችን መክፈት ቤቱን ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው?

አያድንም። ለመጠለል የሚያስፈልግዎትን ጊዜ ብቻ ያባክንብዎታል።

ጥያቄ፦ ጋርላንድ ውስጥ ታክሲ እሠራለሁ። አውራ ጎዳና ላይ ቢደርስብኝ እንደ ሌሎቹ ድልድይ ሥር ብቆም ይሻላል?

አይሻልም፣ ወንድሜ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል፤ በየዓመቱም መኪና መጠለያ አይደለም፣ ድልድይም መጠለያ አይደለም እላለሁ። ነፋሱ በጠባቡ የድልድይ ሥር ሲያልፍ ፍጥነቱ ሊጨምር ይችላል፤ ተሸክሞት የሚመጣው እንጨት፣ ቆርቆሮና መስታወትም እዚያ የተጠለለውን ሰው ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ በተለያዩ ድልድዮች ሥር የተጠለሉ 3 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ላይ እርስዎ እዚያ ሲቆሙ መንገዱ ይዘጋል፤ ከኋላ ያሉት ቤተሰቦችም ማምለጫ አጥተው ማዕበሉ መሐል ይቀራሉ። የራሳችን ከተማም ይህን ሐዘን ታውቀዋለች፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት ጋርላንድንና ራውሌትን የመታው ቶርኔዶ ከገደላቸው 10 ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ዋች ከታወጀ ጥሪ አይቀበሉ፤ የአንድ ምሽት ገቢ ቢቀር ይቅር። መንገድ ላይ ከሆኑ በቅርብ ያገኙት ጠንካራ ሕንፃ፣ ለምሳሌ የነዳጅ ማደያ ሱቅ፣ ገብተው መስኮት የሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይጠለሉ። ይህም ካልተቻለ፣ የመጨረሻው አማራጭ ቀበቶዎን እንዳሰሩ ከመስኮት በታች ዝቅ ብለው ራስዎን መሸፈን፣ ወይም ከመንገዱ በግልጽ ዝቅ ያለ ስፍራ ካለ ከመኪናው ርቀው በደረትዎ መተኛት ነው።

ጥያቄ፦ በጨለማ እንዴት እናውቀዋለን?

ቀን ቢሆን ከደመናው በታች ዝቅ ብሎ የሚሽከረከር ደመና፣ አረንጓዴ የመሰለ ሰማይና ትልልቅ የበረዶ ጠጠር ምልክቶች ናቸው። ማታ ግን ከመሬት አጠገብ የሚታይ ሰማያዊ ብልጭታ የኤሌክትሪክ መስመሮች መበጣጠሳቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ የማያቋርጥ ከባድ ጉምጉምታም ይሰማል። ሆኖም በዓይናችሁ እስክታዩት አትጠብቁ፣ ለመቅረጽም በረንዳ ላይ አትውጡ። የስልካችሁን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል ብላችሁ አታጥፉት፤ የከተማው ሳይረን የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ስለሆነ የተኛን ሰው ላይቀሰቅስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ እናቴ ቶሎ መውረድ አይችሉም።

እኅቴ፣ ዛሬውኑ ከመሬት እኩል ባለው አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት ያነጋግሩና ገና በዋች ጊዜ እናትዎን ይዘው ይውረዱ። ካልሆነ በቤቱ መሐል ያለ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም ክሎዜት (የልብስ ማስቀመጫ ክፍል) ውስጥ ጫማ አድርጋችሁ፣ ራሳችሁን በሄልሜት ወይም በፍራሽ ሸፍናችሁ ቆዩ። እናትዎን መኪና ውስጥ አስገብተው ለመሸሽ ግን አይሞክሩ፤ መኪና መጠለያ አይደለም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥለን ቤት ውስጥ ቡና ማፍላት እንችላለን?

በፍጹም። ከከሰልም ከጄኔሬተርም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ሁለቱም ከቤትና ከጋራዥ ውጭ፣ ከመስኮትም ርቀው ይቀመጡ። ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው ወጥታችሁ 911 ደውሉ።

ጥያቄ፦ ፍርስራሽ ሳጸዳ ሚስማር ወጋኝ፤ በአልኮል ጠርጌዋለሁ። ይበቃል?

አይበቃም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልግዎት ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።