ወረፋው ያለቀበት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ከማይክሮፎኑ ፊት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ባለፈው ሰኔ ከባለቤቴ፣ ከአማቴና ከሁለት ሕፃናት ልጆቻችን ጋር ፍሎሪዳ ወርደን፣ ኦርላንዶ አጠገብ ባለው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ፣ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ስለቆምንባቸው ወረፋዎች ነው። ስለ መጫወቻዎቹ ብዙ አልናገርም፤ ሒሳቡን ስሠራው በመጫወቻዎቹ ላይ የተቀመጥንበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም፤ የቀረው ሁሉ ሰልፍ ነበር።

ከምንኖርበት ከቨርጂኒያ ኦርላንዶ ለመድረስ በመኪና አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኛ ሕፃናት ስለያዝን ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ከተማ አድረን በማግሥቱ ገባን። ሴቷ ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ወንዱ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት ስለማይጠየቅ በእርሱ በኩል የተወሰነ ገንዘብ ተርፎልናል፤ የተረፈውን እኅቱ ከቀትር በፊት በፊኛና በአይስክሬም ጨረሰችው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እኔ ስልኬን ይዤ እንደ ጦር አዛዥ ነበርሁ። የመናፈሻው መተግበሪያ የእያንዳንዱን መጫወቻ የወረፋ ርዝመት በደቂቃ ይናገራል፤ አንዱ ሃያ አምስት፣ ሌላው ሰባ ይላል፤ እኔም ቤተሰቤን ከወዲያ ወዲህ አስሮጣለሁ። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የወረፋው ርዝመት የመጫወቻውን ጥሩነት የሚያሳይ አለመሆኑን ነው። ፒተር ፓንስ ፍላይት የሚባለው መጫወቻ መናፈሻው በተከፈተበት በ1971 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ አሮጌ ነው፤ ከላይ ከሐዲድ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ መርከብ ተቀምጦ በጨለማ ውስጥ መብረር ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን በአንዲት መርከብ የሚቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቁመት ገደብም ስለሌለው ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል። በአንጻሩ ፒፕል ሙቨር የሚባለው ባቡር መሰል ነገር ሰው ሲሳፈርም ሆነ ሲወርድ ሳይቆም የሚሄድ በመሆኑ ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ይገፋል፤ ጉዞውም አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ነፋስም አለው። ዳምቦ የሚባሉት በራሪ ዝሆኖች ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው እጥፍ ሆኖ በሁለት መዘውር ላይ ሠላሳ ሁለት ሆነዋል፤ ሰልፋቸውም ልጆች እየተጫወቱ እንዲጠብቁ በተሠራ ትልቅ ድንኳን ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት ባውቅ ኖሮ ከመጫወቻው ስም ይልቅ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚጭን እጠይቅ ነበር። የታክሲ ተራ ጠብቆ ያደገ ሰው ይህን መጠየቅ መርሳቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለማንኛውም፣ ስልኩ ስድሳ ደቂቃ ብሎ እያስጠነቀቀን ወደ ፒተር ፓን ሰልፍ ገባን። ወዲያው የገጠመን ፈተና ጋሪው ነበር። የሕፃን ጋሪ ከወረፋው ውጭ በተዘጋጀለት ስፍራ ይቆማል እንጂ ከሰው ጋር አይሰለፍም፤ ስለዚህ አሥራ ሦስት ኪሎ የሚመዝነው ልጃችን ወይ በእግሩ ይሄዳል፣ ወይ ይታቀፋል። በእግሩ ሲለቀቅ በሰንሰለቱ ሥር ሾልኮ ከማናውቃቸው ሰዎች መካከል ይገኛል፤ ሲታቀፍ ደግሞ ክንድ ይዝላል። አማቴ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ አንቀልባ ጨምረው ነበር፤ ጠዋት ከሆቴል ስንወጣ እርሱን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲይዙ አይቼ፣ ጋሪ እያለን ምን ያደርግልናል ብዬ በልቤ አጉረምርሜያለሁ። አሁን ምንም ሳይሉ ልጁን አዘሉት። በጀርባቸው ላይ ተለጥፎ ጸጥ አለ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ወገባቸውን ሲይዙ አየሁና፣ «እማማ፣ ለእኔ ይስጡኝ» አልኋቸው። «አንተ ታዝላለህ?» ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያም ጠፍሩን ራሳቸው ደረቴ ላይ አሰሩልኝ። ልጅ ያዘለ ወንድ ባላየሁበት በጉለሌ ሰፈር አድጌ፣ ዲዝኒ ድረስ ሄጄ ልጅ ማዘል ተማርሁ። አብሮ አደጎቼ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አስቤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ታላቂቱ በዚህ መሐል «መቼ ነው የሚደርሰን?» ማለት ጀምራ ነበር። እኔ «ገና ሠላሳ ደቂቃ» እያልሁ እመልሳለሁ፤ እርሷም ሦስት ጊዜ ተንፍሳ እንደገና ትጠይቀኛለች። ለሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ሠላሳ ደቂቃና ሠላሳ ዓመት አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበርሁም። አማቴ ግን በጥያቄው ላይ ጥያቄ ጣሉባት። «እንቆቅልሽ» አሏት። «ምን አውቅልሽ» አለች፤ ይህን ቤት ውስጥ አስለምደዋታል። «አራት እግር አለው፣ አንድም ቀን አይሄድም።» ልጅቱ ዙሪያዋን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። «እንግዲያ ሀገር ስጪኝ!» አሉ፤ እርሷም ከሀገር ሁሉ የምታውቀውን ቨርጂኒያን ሰጠች። አማቴ ቨርጂኒያ ገብተው፣ ግብር በልተው፣ በቅሎ ተሸልመው ሲያበቁ መልሱ ወንበር መሆኑን ነገሯት። ከዚያ ተራው የእርሷ ሆነ። «ጆሮው ትልቅ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ደግሞ ይበራል» አለች፤ መልሱ ዳምቦ መሆኑን ማንም ያውቀዋል። አማቴ ግን አላወቅሁም ብለው ደሴን ሰጧት። በሚቀጥለው ጎንደርን፣ ከዚያም አክሱምን ሰጡ። ወረፋው ወደ ቤት ውስጥ ሲታጠፍ ልጄ የግማሽ ኢትዮጵያ ባለቤት ሆና ነበር፤ «መቼ ነው የሚደርሰን» የሚለውንም ጥያቄ ከተወችው ቆይታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚያ ሰልፍ የመጨረሻ ክፍል እንደ ልጆች መኝታ ቤት ተደርጎ የተሠራ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰላፊው ጥላ ይወድቃል፤ ጥላው ላይ ደግሞ የቢራቢሮ ጥላ መጥቶ ያርፋል። ወንዱን ከአንቀልባው አወረድሁት። እጁን ሲዘረጋ ጥላው እጁን ዘረጋ፤ ቢራቢሮዋ መጣች። እጁን ሲሰበስብ በረረች። ከዚያ በኋላ ለእርሱ ዓለም ይህች ግድግዳ ብቻ ሆነች። ከኋላችን ያሉ ሰዎች በትሕትና ገፋ እንድንል ጠበቁን፤ እኔም ጎትቼ ወሰድሁት። ጥቂት እርምጃ ሄደን ያ ስድሳ ደቂቃ የጠበቅነው መጫወቻ፣ ያች በራሪ መርከብ ፊታችን ስትቆም ልጄ መሬት ላይ ተንከባልሎ ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰ የሚያመለክተው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ነበር። ያለቀሰው ወረፋው ስላለቀበት ነው።

ይህን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ዴቪድ ማይስተር የተባሉ ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ ሥነ ልቡና በጻፉት ጽሑፍ፣ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ይዞ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ ጊዜው እንደሚረዝምበት፣ መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃም መጨረሻው ከሚታወቀው ይልቅ እንደሚከብድ አስረድተዋል። የመጀመሪያው በልጆቼ ላይ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛው ግን የአዋቂ ነገር ነው። ስልኩ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ያረጋጋው እኔን ነው፤ እኔንም ቢሆን በወጉ አላረጋጋኝም፤ አርባ ያለው አርባ አምስት ሲሆን የሚጋረፈው የእኔ ልብ ነበር። የሁለት ዓመቱ ልጅ ከወረፋው ማዶ ምን እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ነው። እዚያ ጥላ ካለ ይደሰታል፤ ሙቀት፣ ረኃብና የአዋቂ ጉልበት ብቻ ካለ ያለቅሳል። ከመካከላችን ይጠብቅ የነበረው እኔ ብቻ ሆኜ ሳለ፣ ትዕግሥት አጣ እያልሁ የምቆጣው በእርሱ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ የሆነ ነገር ደረሰ። ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን የሚባለው ባቡር ለመሳፈር ቢያንስ 97 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። እኔ ሴቷን ቤት ውስጥ ለክቼ ሞልታለች ብዬ ለሳምንታት ተስፋ ሰጥቻት ነበር። ስለካት ግን ወፍራም የክረምት ጫማ አድርጋ ነበር፤ በዚያ ቀን ያደረገችው ስስ ሰንደል ነው። በመግቢያው ላይ ያለችው ሠራተኛ መለኪያውን አጠገቧ ስታቆም አንድ ጣት ያህል ጎደለች። ልጄ ለሠራተኛዋ እኔን እያሳየች «አባቴ ደርሰሻል ብሎኛል» አለች፤ በአማርኛ መሆኑ በጀኝ። ሠራተኛዋ ግን ራይደር ስዊች ስለሚባለው ነገር አስረዳችን፤ ልጁ መሳፈር በማይችልበት መጫወቻ አንዱ ወላጅ ተሰልፎ ሲሳፈር ሌላው ከልጁ ጋር ውጭ ይቆያል፤ ከዚያም ይለዋወጡና ሁለተኛው ረጅሙን ሰልፍ እንደገና ሳይቆም በአጭሩ መግቢያ ይገባል። ክፍያም የለውም፤ መግቢያው ላይ መጠየቅ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሄደች። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ አልሄድሁም፤ ልጄ እያየችኝ ያለ እርሷ መሳፈር እፍረት ሆነብኝ።

ስለ ሽንት ጉዳይ ባጭሩ ልናገር፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። «ሽንቴ መጣ» የሚለው ቃል የሚሰማው ሁልጊዜ የሰልፉ እኩሌታ ላይ ሲደረስ ነው። ባለቤቴ ይዛት ወጣች፤ ሲመለሱ ሰዉ «እለፉ፣ እለፉ» እያለ መንገድ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ማንኛውም ሰልፍ ከመግባታችን በፊት መጸዳጃ ቤት ግዴታ ሆነ። ምግብን በተመለከተ አማቴ ቆሎ ቆልተው ይዘው ነበር፤ ትንንሾቹን ሊያንቅ ይችላል ብዬ ስለፈራሁ ለአዋቂዎች ብቻ እንዲሆን ለመንኋቸው፤ ለልጆቹ ድፎ ዳቦ በትንሽ በትንሹ እየቆረስን ሰጠን። ድፎ ዳቦ ለወረፋ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ አይቀልጥም፣ ልብስ አያበላሽም፣ ቁራሹን ለማላመጥም ጊዜ ይወስዳል። ውኃ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ፈጣን ምግብ በሚሸጥባቸው ቦታዎች በረዶ ያለው ውኃ በኩባያ በነጻ ይሰጣል።

በሁለተኛው ቀን ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁና አዛዥነቱን ለቀቅሁ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ገብተን ሰው ሳይበዛ ሁለት ነገር ተሳፈርን። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታና የፍሎሪዳ የሰኔ ዝናብ ሲያጉረመርም ወደ ሆቴል ተመልሰን ልጆቹ ተኙ፤ ሲመሽ ተመለስን። ገንዘብ ተከፍሎበት አጭሩን መግቢያ የሚያስጠቅመውን ላይትኒንግ ሌን ለአንድ ቀን ሞክረነው ነበር፤ ዋጋው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በእኔ ግምት እንዲህ ላሉ ትንንሽ ልጆች የቀትር እንቅልፍ ከእርሱ ይበልጣል። አንድ ሰልፍ መግቢያ ላይ ሠራተኛዋ ቀይ ካርድ ስትሰጠኝ፣ የኳስ ዳኛ መስላኝ ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥሁ፤ ለካ ወረፋው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚለካው ካርዱ ከመግቢያው ተነሥቶ መሳፈሪያው ላይ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ኖሯል። ካርዱን ለሴቷ ልጄ ሰጠኋት። ያን ሁሉ ሰልፍ በሁለት እጇ ይዛው ቆመች፤ አንድም ጊዜ መቼ ነው የሚደርሰን አላለችም፤ ስናስረክብም በጣም ነው ያዘነችው።

አማቴ በነሐሴ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ባለፈው እሑድ ደወሉልን፤ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ወረፋ ይዘዋል፤ የረዳቱ ጩኸት በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «እንቆቅልሽ!» አለቻቸው። «ምን አውቅልሽ» አሉ። የጠየቀችውን በደንብ አልሰማሁትም፤ አማቴ ግን እንደ ልማዳቸው አላወቅሁም ብለው ፍሎሪዳን ሰጧት። ልጄ ፍሎሪዳ ገብታ ገና በቅሎዋን ሳትሸለም፣ «በይ ልጄ፣ ታክሲው መጣ፤ ደረሰኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። ልጄ እግሯን መሬት ላይ መታችና በስልኩ ጮኸችባቸው፦ «አይ! እማማ፣ ሌላ ሰው ይሂድ፤ አንቺ ሰልፉ ላይ ቆዪ!»