ትልቁ ሱቅና የዱቤ መዝገቡ

(ሱቁ በተዘጋ በዓመቱ፣ ባሕር ዳር በሰፈራችን የእድር አዳራሽ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

የእድራችን ዳኛ «ትልቁ ሱቅ ከተዘጋ ዓመት ሆነው፤ አንቺ 10 ደቂቃ ተናገሪ» አሉኝ። እኔ እዚያ ሱቅ 26 ዓመት ቆሜያለሁ። ተቀምጬ አይደለም፣ ቆሜ ነው። ከባንኮው ጀርባ ወንበር አልነበረም። ወንበሩ ከባንኮው ፊት ነበር፤ ለገዢ። ስለዚህ ከ10 ደቂቃ ባልፍ ታገሡኝ። በወረቀት ጽፌ የመጣሁት ደግሞ መሃል ላይ ሆድ እንዳይብሰኝ ብዬ ነው።

ሱቁ ስም ነበረው። ከበሩ በላይ በቀለም ተጽፎ ነበር። ግን ከመካከላችን በስሙ የጠራው አለ? «ትልቁ ሱቅ» ነው የምንለው። «የት ነሽ?» «ትልቁ ሱቅ በር ላይ።» በቃ፣ አለቀ። ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ ሳያርፍ አያልፍም።

ከመርፌ እስከ ቢስክሌት ነበረን። በግራ በኩል የእኔ ክፍል፣ ጨርቁ፤ አቡጀዲ፣ ቴትሮን፣ ካኪ በየጣቃው ተደርድሮ። መሃል ላይ ፔርሙሱ፣ ፋኖሱ፣ የቆርቆሮ ሳህኑ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። በቀኝ ደብተርና እስክርቢቶ። ከኋላ ቢስክሌቱና መለዋወጫው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ያኔ መምህሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ነርሷም በቢስክሌት ነው የሚሄዱት። ከመነዳሪ የፈነዳበት ሰው ቢስክሌቱን እየገፋ መጥቶ እኛ በረንዳ ላይ ያስለጥፋል። ልጅ ይዞ ለመጣ ደግሞ ካሸሯ «ደስታ» ከረሜላ ትሰጣለች። ዛሬ ፂም ያበቀላችሁ ወንዶች፣ ያን ከረሜላ ፈልጋችሁ ባንኮው ስር ስትልከሰከሱ አይቻችኋለሁ።

ሱቁ ያደገው ከተማዋ ስታድግ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ሲከፈት ባሕር ዳር ገና ትንሽ ነበረች። ደመወዝተኛ ሲመጣ ሱቅም መጣ። እዚያ ጥግ የተቀመጣችሁ የፋብሪካ እህቶቼ ታስታውሳላችሁ። የደመወዝ ቀን ከሥራ ስትወጡ በቡድን ነበር የምትገቡት። እናንተው የፈተላችሁትን፣ እናንተው የሸመናችሁትን አቡጀዲ ለእናንተው በሜትር እለካላችሁ ነበር። «ይቺን ጣቃ እኔ ሳልሠራት አልቀርም» እያላችሁ ጨርቁን ትዳብሱታላችሁ።

ስለ አለካኩ ልናገር፤ ሥራዬ ስለነበር። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው መስረቅ ከፈለገ በጣቱ ነው የሚሰርቀው። ጨርቁን ወጠር አድርጎ ከለካው በየሜትሩ ሁለት ጣት ያተርፋል። ገዢው አያውቅም። ሰፊው ጋ ሲደርስ ነው «ሱሪ አይወጣውም» የሚባለው። የሱቁ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይኼን ነው። «ጨርቁን ባንኮው ላይ አስተኚው፣ አትጎትቺው። ከለካሽ በኋላ አራት ጣት ጨምሪ፤ አቡጀዲ ሲታጠብ ያጥራል» አሉኝ። አራቷ ጣት ምራቂ አልነበረችም። ለእሳቸው የገዢው ሐቅ ነበረች።

አሁን የዘጌውን ሰውዬ ነገር ላንሳ። አንዳንዶቻችሁ ሰምታችሁታል። ድጋሚ ስሙት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ መስከረም ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር። አንድ ሰውዬ መጡ። ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል። እግራቸው ባዶ ነው፤ ጭቃ በጭቃ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ወለሉን ስወለውል ነው ያረፈድኩት። «አባባ፣ እዚያው በሩ ላይ ይቁሙ፤ የሚፈልጉትን አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። በትሕትና የተናገርኩ መስሎኛል። ሰውዬውም ምንም ሳይሉ ቆሙ።

ጋሼ ከውስጥ ሰምተዋል። ወጡ። እኔን አላዩኝም። የሰውዬውን እጅ ይዘው አስገቡና ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። «ውኃ አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። ከዚያ ወደ ጎን ጠሩኝ። «እኚህ ሰው ከዘጌ ታንኳ ቀዝፈው ነው የመጡት። አንቺ ጠዋት ከሽምብጥ በእግርሽ መጥተሽ ደክሞኛል ስትዪ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ለትምህርት ባሕር ዳር ሊገባ ነው። ዘመድ ቤት ያርፋል። ካኪ ለዩኒፎርም፣ ሸራ ጫማ፣ አንድ ደርዘን ደብተር፣ አንድ ብርድ ልብስ ፈለጉ። ካኪውን እኔ ለካሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አራት ጣቷን ጨመርኩ። ከዚያ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈቱ። ቆጠርን፤ 11 ብር ጎደለ። ያኔ 11 ብር ብር ነው። ሰውዬው ብርድ ልብሱን አነሱና ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ቀስ ብለው ነው፤ ልጁ እንዳያይ። ልጁ ግን አይቷል።

ጋሼ ብርድ ልብሱን መልሰው ከዕቃው ጋር አሰሩት። መዝገቡን አወጡ። ስም፣ ሀገር፣ 11 ብር። ሰውዬው አውራ ጣታቸውን አዘጋጅተው «የት ልፈርም?» አሉ። «እኔ ጽፌው የለም እንዴ! የምን ፊርማ ነው?» አሏቸው።

ቡናው ተለቀመ፤ ገና አለፈ። በጥር ሰውዬው ተመልሰው መጡ። 11ዱን ብር ባንኮው ላይ ዘረጉ። ቀጥለው አንዲት ከረጢት የዘጌ ቡና አወጡ። «ይቺ ለልጅቷ ናት» አሉ። ለእኔ ማለታቸው ነው። በር ላይ ላቆምኳቸው ለእኔ። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከጓዳ ምጣድ አመጡ። ቡናው እዚያው በረንዳው ላይ ተቆላ። ጭሱን የሸተተ ሁሉ ገባ። ያን ቀን ግማሹ ገበያ እኛ ጋ ቡና ጠጣ። እኔ ግን ስኒውን ይዤ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ ሰው ሲገባ እግሩን አላይም። አሁን ግን የትም ሂዱ፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ መጀመሪያ የሚያየው እግርን ነው። ከገጠር የመጣች እናት ነጠላዋን አጣፍታ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። መግባት ትፈልጋለች፣ ትፈራለች። ማንም «ግቢ እማማ» አይላትም። በገዛ ከተማዋ፣ በገዛ ሐይቋ ዳር! ይኼ ያንገበግበኛል።

የደሴት ሰዎች ነገርም አለ። ወደ ጎርጎራ የምትሄደዋ ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ነበር የምትነሳው። ደቅ ታደርሳለች፣ ቁንዝላ ታድራለች። ስለዚህ የደቅ ሰው ቅዳሜ ገበያውን ጨርሶ ዕቃውን የሚያሳድርበት ይፈልጋል። የት ያሳድራል? እኛ ጋ ነዋ! ጆንያው፣ ፋኖሱ፣ የላምባው ጀሪካን፣ ለደብሩ የተገዛው ዕጣንና ጃንጥላ ሳይቀር። ኪራይ የለ፣ ደረሰኝ የለ። እሑድ ንጋት ጋሼ ራሳቸው በሩን ይከፍታሉ። በ26 ዓመት አንድ ዕቃ ጠፋ ሲባል አልሰማሁም።

ክፉውንም ዘመን አብረን አይተናል። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ በሚታደልበት ጊዜ ብዙ ነጋዴ ዕቃ ከባንኮ ስር ይደብቅ ነበር። ጋሼ መስከረም ላይ ካኪ ሲያጥር ጣቃውን አደባባይ አውጥተው በልጅ ቁጥር ነው ያስቆረጡኝ። የባለሥልጣን ልጅም፣ የጉልት ቸርቻሪዋም ልጅ እኩል።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ሱቁ ለምን ተዘጋ ሲባል ሁላችሁም ስለ ኪራይ ታወራላችሁ። እውነት ነው። ቤቱ የጋሼ ነበር፤ በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ከዚያ በኋላ በገዛ ቤታቸው ተከራይ ሆነው ኖሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ኪራዩ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። እትዬ ብቻቸውን ታገሉ። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ይኼ ግማሹ ነው።

ሌላው ግማሽ ይኸውና፣ በእጄ ይዤዋለሁ። የዱቤ መዝገቡ ነው። ሱቁ ሲዘጋ እትዬ «ወስደሽ አቃጥይው» ብለው ሰጡኝ። አላቃጠልኩትም። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ደመርኩት። የመጨረሻዎቹ ሰባት ዓመታት ዱቤ ብቻ ቢሰበሰብ የ14 ወር ኪራይ ይከፍላል። አሥራ አራት ወር!

ማን ነው ያልከፈለው? የዘጌው ገበሬ ከፍሏል። ስሙ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። የደቅ ዓሣ አጥማጁ ከፍሏል፤ አምባዛና ቀረሶ ሸጦ፣ አምስት አምስት ብር እያመጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታንኳ ሙሉ እንጨት ጭነው የሚመጡት ሁሉ ከፍለዋል። ያልከፈልነው እኛ ነን! ደመወዝ ያለን። ጫማ ያለን። በሱቁ በር በየቀኑ የምናልፍ። መጀመሪያ «ወር ሲደርስ» አልን። ከዚያ መንገድ ቀይረን በጀርባ በኩል መሄድ ጀመርን። ከዚያ ዱቤያችን እዚያ ተቀምጦ፣ ጥሬ ገንዘባችንን ይዘን ሌላ ሱቅ ገባን።

ሱቁ ሊዘጋ ነው ሲባል ደግሞ ምን አደረግን? ቅናሽ አለ ሲባል ተሰለፍን! ብርድ ልብሱን በግማሽ ዋጋ ተሸክመን ወጣን። ባንኮው ፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። «ወይኔ ሱቃችን!» ብለን እትዬን አቅፈን አለቀስን። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ «እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ስንት አለብኝ?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እየጠበቅኩ ነበር።

ለዚህ አታጨብጭቡልኝ። ለመጨብጨብ አይደለም የመጣሁት።

የእኔም ቤት ከዚህ አይወጣም። የታላቅ እህቴ ስም አለበት፤ አንድ ፔርሙስና አንድ አንሶላ። አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር። እኔ እዚያው እየሠራሁ ስሟን በየዓመቱ እያየሁ አልፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለእትዬ ወስጄ ከፈልኩ። አልቀበልም አሉ። «ሱቁ የለ፣ ጋሼሽ የለ፤ የምን ዱቤ ነው?» አሉኝ። ገንዘቡን የቡናው ረከቦት ስር አድርጌ ወጣሁ። ዛሬም ያልመጡት እግራቸውን ስለሚያማቸው ብቻ አይመስለኝም። ይኼን እንደምናገር ስለሚያውቁ ነው። ይቀየሙኛል። ይቀየሙኝ። የሚኖሩት በልጃቸው ቤት፣ በአንዲት ክፍል ነው። መድኃኒታቸው ውድ ነው።

ሌላ ሁለት ነገር ነበረኝ፤ ላሳጥረው። የሱቁ የድሮ ፎቶ ያላችሁ ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ፤ በተለይ በረንዳው የሚታይበት። የለካሁባት የእንጨት ሜትርም እኔ ጋ አለች። የሰፈራችን ወጣቶች የሚያስቀምጡበት ቦታ ካገኙ እሰጣለሁ።

ወደ መዝገቡ ልመለስና ልጨርስ። ስም አላነብም። ለጋሼ ስል አላነብም። እሳቸው በሕይወታቸው አንድ ሰው በሰው ፊት ዱቤውን ጠይቀው አያውቁም። መዝገቡን ግን ከእድሩ ሣጥን አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። አጠገቡ እርሳስና ፖስታ አለ። የከፈለ ሰው ራሱ ስሙ ላይ መስመር ያሰምር። ፖስታውን ነገ እኔ ለእትዬ አደርሳለሁ፤ ረከቦቱ ስር።

ማንም ጠረጴዛው ጋ ቆሞ አይጠብቅም። ቡናው ከወዲያኛው ጥግ ነው የሚቀዳው። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ እዚያ እቀመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።